መለኪያውን ከመክሰስ በፊት

«ነገር በምሳሌ፤ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ አባቶቻችን። ዛሬ ግን ምሳሌያችንን የምንወስደው ከጠጅ ሳይሆን ከቢራ፤ ከብርሌም ሳይሆን ከበርሜል ነው። ይኸውም በቤት ውስጥ የተጠመቀ ቢራ በበርሜል ሲቀመጥ የጋዙን ኃይል ስለሚነግረን ትንሽ ክብ መሣሪያ፤ ስለ ግፊት መለኪያ ነው። «ተማሪና የመሥሪያ ቤት ሰው ከቢራ በርሜል መለኪያ ጋር ምን ጉዳይ አለው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ከተከታተለ፤ መርፌ ያለበትን መሣሪያ ሁሉ፤ ከዚያም አልፎ አኃዝ የተጻፈበትን ወረቀት ሁሉ የሚመለከትበት ዐይን ጥቂት ይለወጥ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩን ያነሣሣኝ የአንድ ወዳጄ ታሪክ ነው። ይህ ሰው በአሜሪካ አገር ብዙ ዓመት ሲኖር ከጎረቤቶቹ ቢራ መጥመቅ ተምሮ ነበር። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. በፈረሙት ሕግ ለራሱና ለቤተ ሰቡ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ከፌዴራሉ መንግሥት ቀረጥ ነፃ ከሆነ ወዲህ፤ በዚያ አገር ቢራ መጥመቅ የብዙ ሰው የዕረፍት ቀን ሥራ ሆኗል። ወዳጄም ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ በርሜሉን፤ መለኪያውንና ግፊትን ከሙቀት ጋር የሚያዛምደውን የታተመ ሠንጠረዥ ይዞ መጣ። የመጀመሪያውን ቢራ ጠመቀ፤ አቀዘቀዘ፤ መርፌውን ሠንጠረዡ ባዘዘው ቍጥር ላይ አቁሞ ዐሥር ቀን ያህል ጠበቀ። እንግዶች ጠርቶ ሲቀዳ ግን ቢራው የደከመ ሆነ፤ አረፋውም እንግዳው ብርጭቆውን ሳያነሣ ጠፋ።

ወዳጄ አፈረ፤ ካፈረም በኋላ ተቈጣ። የተቈጣውም በመለኪያው ላይ ነበር። «በመንገድ ተመትቶ ተበላሽቷል» ብሎ ጣለውና ሌላ ገዛ። አዲሱም መለኪያ ያንኑ ቍጥር አሳየ፤ ቢራውም ያው ሆነ። ሦስተኛ መለኪያ ሊገዛ በተነሣ ጊዜ ነው ጨዋታው ወደ እኔ የደረሰው። ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት ግን የተከሳሹን ጠባይ ማወቅ ይገባናል።

እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ የግፊት መለኪያ አይፈልጉም። የጠላ ጋን ኃይል ያለውን ጋዝ አምቆ እንዲይዝ የተሠራ ዕቃ አይደለምና። የቤት ቢራ ጠማቂዎች የሚጠቀሙበት በርሜል ግን የተለየ ነው። ይህ በርሜል ብዙውን ጊዜ 19 ሊትር ያህል የሚይዝ፤ ቀድሞ ለለስላሳ መጠጥ ያገለግል የነበረ የማይዝግ ብረት ዕቃ ሲሆን፤ ክዳኑ በጎሚኒ ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋል። ከአጠገቡ በቆመው ሲሊንደር ውስጥ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፤ ሬጉሌተር በሚባለው ግፊት መቀነሻ በኩል አልፎ ወደ በርሜሉ ይገባል። የጋዙም ሥራ ሁለት ነው፤ አንደኛ በቢራው ውስጥ ሟሙቶ ሕይወት ይሰጠዋል፤ ሁለተኛ ቢራውን ገፍቶ በቱቦ በኩል ወደ ብርጭቆ ያወጣዋል።

ቢራው ምን ያህል ጋዝ እንደሚቀበል የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። እንግሊዛዊው ሊቅ ዊሊያም ሄንሪ በ1803 ዓ.ም. እንዳስረዳው፤ በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ በላዩ ላይ ከሚጫነው የዚያው ጋዝ ግፊት ጋር በልክ ይጨምራል። ሙቀትም በበኩሉ ይፈርዳል፤ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ብዙ ጋዝ ይይዛል፤ የሞቀ ግን ይለቃል። በተለመደው ዓይነት ቢራ ውስጥ በአንዱ ሊትር 2 ሊትር ተኩል ያህል ጋዝ እንዲኖር ይፈለጋል። ለዚህም ቢራው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከቀዘቀዘ፤ ሠንጠረዡ 0.83 ባር ወይም 12 ፒኤስአይ ያህል ያዛል። ይኸው ቢራ በ20 ዲግሪ ቢቀመጥ ግን ወደ 2 ባር የሚጠጋ ግፊት ይጠይቃል። ስለዚህ ቴርሞሜትር ያልታከለበት ግፊት መለኪያ ግማሽ ዳኛ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ መለኪያው ሆድ እንግባ። ፈረንሳዊው የፓሪስ መሐንዲስ ኤዠን ቡርዶን በ1849 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት ያገኘበት መሣሪያ እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው ክብ መለኪያ ውስጥ ይገኛል። ነገሩ ቀላል ነው። ጠፍጠፍ ተደርጎ እንደ ማጭድ የታጠፈ ቀጭን የብረት ቱቦ አለ። አንደኛው ጫፉ ጋዙ በሚመጣበት በኩል ተበይዷል፤ ሁለተኛው ጫፉ ተደፍኗል። አትክልት የምናጠጣበት ተጠምዞ የተኛ ጎማ ውሃ ሲለቀቅበት ሊቃና እንደሚሞክር ሁሉ፤ ይህም ቱቦ ግፊት ሲገባበት ጥቂት ይቃናል። የተደፈነው ጫፍ የሚንቀሳቀሰው በጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ቢሆንም፤ ትንንሽ ጥርሶች ያሉት ማርሽ ይህን እንቅስቃሴ አበራክቶ መርፌውን በሰሌዳው ላይ ያዞረዋል። መለኪያውን ስናነብ የምናነበው እንግዲህ የአንድን ቱቦ መቃናት ነው።

ነገር ግን ይህ ቱቦ ከውስጥ በጋዙ ሲገፋ፤ ከውጭ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ይገፋዋል። መርፌው የሚናገረው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ መርፌው በዜሮ ላይ ሲቆም «በርሜሉ ውስጥ ምንም ግፊት የለም» ማለቱ አይደለም፤ «ውስጡና ውጭው እኩል ናቸው» ማለቱ ነው። የወዳጄ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው።

አየር ክብደት እንዳለውና ወደ ላይ በተወጣ ቍጥር ግፊቱ እንደሚያንስ ከታወቀ ብዙ ዘመን ነው። በመስከረም ወር 1648 ዓ.ም. የብሌዝ ፓስካል የእኅቱ ባል ፍሎረን ፔርዬ፤ በፈረንሳይ አገር ፒዊ ደ ዶም የሚባለውን ተራራ የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ ወጣ። በተራራው ጫፍ ላይ የሜርኩሪው ዐምድ ከግርጌው ይልቅ ከ8 ሴንቲሜትር በላይ አጥሮ ተገኘ። በግርጌው የተተወውም ሌላ ቱቦ ከቦታው ሳይነቃነቅ ዋለ። አየሩ በላይ ቀለል ማለቱ በዚህ ተመሰከረ።

የወዳጄ ቤት ደግሞ ከዚያ ተራራ ጫፍ ይልቅ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ነው። በባሕር ጠረፍ የአየሩ ግፊት 1.01 ባር ያህል ሲሆን፤ 2350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ 0.76 ባር ያህል ነው። አንድ ሩብ ባር ጐደለ ማለት ነው። ቢራው ደግሞ ጋዝ የሚቀበለው መርፌው በሚናገረው ትርፍ ልክ ሳይሆን በጠቅላላው ግፊት ልክ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን እናውጣው። በባሕር ጠረፍ 0.83 እና 1.01 ሲደመር 1.84 ባር ይሆናል። በአዲስ አበባ ያው 0.83 በ0.76 ላይ ሲደመር 1.59 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ 2 ሊትር ተኩል ጋዝ ሊይዝ የታሰበው አንዱ ሊትር ቢራ፤ በወዳጄ ቤት ከ2.2 ሊትር በታች ያዘ። እንግዶቹ የቀመሱት ይህን ጉድለት ነው።

መድኃኒቱም ሌላ መለኪያ መግዛት አልነበረም፤ መርፌውን ከ0.83 ወደ 1.08 ባር፤ ማለት ከ12 ወደ 16 ፒኤስአይ ገደማ ከፍ ማድረግ እንጂ። በደጋ የሚጠምቁ አሜሪካውያን የሚከተሉት ደንብ በየ600 ሜትሩ ከፍታ 1 ፒኤስአይ ያህል መጨመር ነው። በዚህ ደንብ መሠረት 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ድሬዳዋ 2፤ 1800 ሜትር ገደማ በሆነችው ባሕር ዳር 3 ይጨመራል። የመግፊያው ኃይል ሲጨምር ቢራው በፍጥነት ወጥቶ አረፋ ብቻ እንዳይሆን፤ የመቅጃውን ቱቦ ጥቂት ማስረዘም ያስፈልጋል።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ሁለቱም መለኪያዎች እውነት ተናግረዋል። ሠንጠረዡም አልዋሸም። ሠንጠረዡ «ከባሕር ጠረፍ አየር ይህን ያህል ብለጥ» ሲል፤ መለኪያው «ከአዲስ አበባ አየር ይህን ያህል እበልጣለሁ» ብሎ መለሰ። ወዳጄ ሁለቱ ከአንድ መነሻ የሚቈጥሩ መስሎት አስታረቃቸው። ለሁለተኛው መለኪያ ያወጣው ገንዘብም ንጹሑ በተከሰሰበት ችሎት የተከፈለ ኪሣራ ሆነ።

በዚሁ ሬጉሌተር ላይ ከዚህ የባሰ የሚያሳስት ሌላ መለኪያ ደግሞ አለ። እርሱም የሲሊንደሩን ግፊት የሚያሳየው ነው። ብዙ ጀማሪ ይህን መለኪያ እንደ መኪና ቤንዚን መለኪያ ይቈጥረዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀመጠው በአብዛኛው ፈሳሽ ሆኖ ነው። ፈሳሹ እስካላለቀ ድረስ፤ ከላዩ ያለው ጋዝ በተወሰደ ቍጥር ፈሳሹ እየተነነ ይተካዋል። ስለዚህ በ20 ዲግሪ ሙቀት መርፌው 57 ባር ያህል ላይ ይቆማል፤ ሲሊንደሩ ሙሉ ቢሆንም፤ ግማሽ ቢሆንም ያው ነው። ፈሳሹ ባለቀ ጊዜ ብቻ መርፌው መውረድ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የቀረው ጥቂት ስለ ሆነ ጊዜው አልፏል። በአንጻሩ ያው ሙሉ ሲሊንደር ከማቀዝቀዣ ውስጥ ቢገባና 4 ዲግሪ ቢደርስ፤ መርፌው ወደ 38 ባር ይወርዳል። ባለቤቱም «ሲሦው አለቀ» ብሎ ይደነግጣል፤ አንዲት ግራም ግን አልጐደለም።

ሲሊንደሩ ውስጥ ምን ያህል እንደ ቀረ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሚዛን ላይ ያውጣው። የባዶው ክብደት በአንገቱ አካባቢ ተቀርጾ ይገኛል፤ ያን ሲቀንስ የቀረውን ጋዝ ያገኛል። መርፌው ውሸታም ስለ ሆነ አይደለም፤ የተጠየቀው ስለ ግፊት ነው፤ እርሱም ስለ ግፊት መለሰ። ስለ ብዛት የሚጠየቀው ሚዛን ነው።

ከዚህ በኋላ መለኪያ እንዴት እንደሚመረጥ እንመልከት። እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የሰሌዳው ስፋት፤ ማለት መጨረሻው ቍጥር ነው። ገበያ ላይ እስከ 7 ባር የሚቈጥር መለኪያ ሲታይ ጠንካራ ይመስላል። የመለኪያ ስሕተት ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰላው በሰሌዳው ሙሉ ቍጥር ላይ ነው። ደረጃው 2.5 የሆነ መለኪያ ከሙሉ ቍጥሩ እስከ 2.5 በመቶ ሊሳሳት ይፈቀድለታል። እስከ 7 ባር በሚቈጥረው ላይ ይህ 0.175 ባር ነው፤ 0.83 ባር ለምንፈልግ ሰዎች ከአምስት አንድ እጅ ስሕተት ይሆናል። እስከ 2.5 ባር በሚቈጥረው ላይ ግን ስሕተቱ ከ0.0625 ባር አያልፍም። ደረጃው 1.6 ከሆነ ደግሞ 0.04 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ ዘወትር የምንሠራበት ግፊት ከሰሌዳው መካከል አካባቢ እንዲውል አድርጎ መምረጥ ይገባል። መለኪያን ዘወትር ከሙሉ ቍጥሩ ከሦስት አራተኛው በላይ ማሠራት ቱቦውን ያደክማልና፤ ቢራውን ሳያቀዘቅዝ ጋዝ የሚሞላ ሰው እስከ 4 ባር የሚቈጥረውን ቢገዛ ይሻለዋል።

ሁለተኛ፤ የቍጥሩን ዓይነት ማየት ነው። በአንዱ ሰሌዳ ላይ ባርና ፒኤስአይ በሁለት ቀለም ተጽፈው ይገኛሉ። 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። «12» የሚለውን ትእዛዝ በባሩ መሥመር ላይ 1.2 አድርጎ የሚያነብ ሰው 17 ፒኤስአይ ያህል ይሰጥና ቢራውን አረፋ ያደርገዋል። ሦስተኛ፤ ዜሮውን መመርመር ነው። መለኪያው ከምንም ጋር ሳይገናኝ መርፌው ዜሮ ላይ መተኛት አለበት። በብዙዎቹ ላይ ግን ዜሮው አጠገብ መርፌውን የሚያግድ ትንሽ ብረት አለ፤ ከዜሮ በታች ሊወርድ የሚፈልግ የተበላሸ መርፌ በዚህ ብረት ላይ ተደግፎ ጤነኛ መስሎ ይታያል። ስለዚህ እንዲህ ያለ እገዳ የሌለበትን መምረጥ፤ ካልሆነም ከሌላ ከታመነ መለኪያ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

አነባበቡም ሥርዓት አለው። ሰሌዳውን ከፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ማየት ነው፤ ከጐን ያየ ሰው መርፌውን ከቦታው አሳልፎ ያነባል። ጋዝ እየፈሰሰ ሳለ ያለው ንባብም የበርሜሉ ንባብ አይደለምና ፍሰቱ እስኪቆም መታገሥ ያሻል። ፍሰቱ ቆሞም ቢሆን፤ ጋዙ ወደ ቢራው ሟሙቶ እስኪያልቅ ብዙ ቀን ይወስዳል። መርፌው ዛሬ 1.08 ባር አለ ማለት ቢራው ዛሬ ጋዙን ጠገበ ማለት አይደለም።

የመርፌው እንቅስቃሴም የራሱ ቋንቋ አለው። በርሜሉ ከጠገበ በኋላ ሲሊንደሩ ተዘግቶ ሳለ መርፌው እየወረደ ከሄደ ጋዝ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ የሳሙና ውሃ መገጣጠሚያዎቹን ቀብቶ አረፋ የሚወጣበትን መፈለግ ነው። ማንም ሳይነካው መርፌው እየወጣ ከሄደ ግን ነገሩ የከፋ ነው፤ የሬጉሌተሩ መዝጊያ ተበልቶ የሲሊንደሩ ኃይል ወደ በርሜሉ እየሾለከ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ሲሊንደሩን ዘግቶ፤ የበርሜሉን ማስተንፈሻ ከፍቶ፤ ሬጉሌተሩን ለባለሙያ ማሳየት እንጂ «ነገ አየዋለሁ» ማለት አይገባም። የበርሜሉን መለኪያ ያለ ሬጉሌተር ከሲሊንደር ጋር ማገናኘት ደግሞ ፈጽሞ የማይሞከር ነገር ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ በተዘጋ ክፍል ወለል ላይ ይጠራቀማል፤ ትንፋሽ አሳጥቶም ሰው ሊገድል ይችላልና ሲሊንደር የሚቀመጥበት ክፍል ነፋስ የሚያገኝ ይሁን።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ሰምተው «ምላስ ከመለኪያ ይበልጣል፤ ቀምሶ ማወቅ ነው» ይሉ ይሆናል። የምላስን ዳኝነት አልንቅም፤ የመጨረሻው ፍርድ የእርሱ ነው። ነገር ግን ምላስ የሚፈርደው ነገሩ ካለቀ፤ እንግዳው ከመጣ በኋላ ነው። መለኪያ ግን ገና ሊታረም በሚቻልበት ጊዜ ይናገራል፤ ምላስ የማይደርስበትንም አደጋ ያስጠነቅቃል። በሌላው ወገን ደግሞ በሬጉሌተሩ ላይ፤ በበርሜሉ ላይ፤ በቱቦው ላይ መለኪያ ደርድሮ ሊቅ የሆነ የሚመስለው ሰው አለ። የማያነበው ሰው የገዛው ውድ መለኪያ ጌጥ ነው። አንድ ጥሩ መለኪያ፤ ማስተያያ የሚሆን ሁለተኛ፤ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ሚዛን ይበቃሉ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ቢራ ብቻ አይደለም። ወጣቱ ተማሪ ነገ በላቦራቶሪ፤ በፋብሪካ፤ በሆስፒታል መርፌ ፊት ይቆማል። ወጣቱ ሹም ደግሞ ዛሬውኑ ጠረጴዛው ላይ የአኃዝ ሪፖርት ይቀርብለታል። «በዚህ ዓመት ይህን ያህል በመቶ ጨመረ» የሚል ወረቀት ሲመጣለት፤ ጭማሪው የተቈጠረው ከየትኛው መነሻ እንደ ሆነ ካልጠየቀ ወዳጄ የባሕሩን ሠንጠረዥ በደጋ እንዳነበበው ያነበዋል። ከሌላ አገር የመጣ ደንብና ልክ ሲቀርብለትም፤ ደንቡ የትኛውን አየር ታስቦ እንደ ተጻፈ ይመርምር። «ሁሉ ደኅና ነው» የሚል ያው ሪፖርት በየወሩ ሲደርሰው፤ የሲሊንደሩን መርፌ ያስታውስ፤ ፈሳሹ እስከሚያልቅበት ቀን ድረስ ያው ቍጥር ነውና። እንዲህ ያለውን ነገር ራሱ ወደ መጋዘኑ ወርዶ በሚዛን ማየት ይገባዋል።

በእኔ አስተያየት ማንኛውም አኃዝ ሦስት ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል። ከየት ጀምሮ ተቈጠረ? የለካው የምፈልገውን ነገር ነው ወይስ ጐረቤቱን? የተነበበውስ መቼና በምን ሁኔታ ነው? እነዚህን ሳይጠይቅ መሣሪያውን የሚሰብር፤ ወይም ወረቀቱን ያመጣውን ጸሐፊ የሚቈጣ ሰው፤ ገንዘቡን ያጠፋል፤ ንጹሑንም ይበድላል፤ ስሕተቱ ግን ከራሱ ጋር ይቀራል።

ወዳጄ አሁን በበርሜሉ ላይ አንዲት ትንሽ ካርቶን ለጥፏል፤ «አዲስ አበባ ነህ፤ ሩብ ባር ጨምር» ትላለች። ቢራውም ተስተካክሏል። የጣለውን የመጀመሪያ መለኪያ ግን ፈልጎ አላገኘውም። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ እኛም በየሥራችን እንዲህ ያለች ካርቶን ብንለጥፍ፤ ሳይሳሳቱ የምንጥላቸው መለኪያዎች፤ ሳያጠፉም የምንወቅሳቸው ሰዎች ቍጥር ይቀንስ ነበር።